ጋሽ ይመር ያዩት ጥፋት

(ኮምቦልቻ፤ የሰፈሩ የዋንጫ ጨዋታ እንዳለቀ፣ ከሜዳው ዳር ባለች የቆርቆሮ ዕቃ ክፍል ዋና ዳኛው ጋሽ ይመርና የመስመር ዳኛዋ ዘሀራ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ተቀምጠዋል፤ ውጭ የተሸናፊው ቡድን ደጋፊ በሩን ይደበድባል።)

ዘሀራ፦ ጥፋቱን በእኔ ይጻፉት አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ። ረዳቷ አሳሳተችኝ ይበሉና እንውጣ።

ጋሽ ይመር፦ አሳስተሽኛል እንዴ?

ዘሀራ፦ እሱን ይተዉት። ኮሚቴው ሪፖርቱን በእጁ ካልያዘ ለሕዝቡ ምን ይናገራል? ይኸው በሩን ሊገነጥሉት ነው።

ጋሽ ይመር፦ በሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ቶሎ አይገነጠልም። ይልቅ ንገሪኝ። ባንዲራ አንስተሻል፣ አላነሳሽም?

ዘሀራ፦ አንስቻለሁ።

ጋሽ ይመር፦ ተከላካዩ ሙሄ አጥቂውን በክርኑ ሲለው አይተሽ ነዋ። እኔም ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ፣ ቀይ አወጣሁ።

ዘሀራ፦ ማንም አልነካውም፣ ጋሼ። ባቱን ጨምድዶት ብቻውን ነው የወደቀው። ሙሄ ሊያነሳው ነው ያጎነበሰው።

ጋሽ ይመር፦ ታዲያ ባንዲራው?

ዘሀራ፦ አህያ ገብታብኝ ነበር። እሷን ላባርር ነው።

ጋሽ ይመር፦ አህያ?

ዘሀራ፦ ሜዳው ሙሉ አይቷታል።

ጋሽ ይመር፦ ከእኔ በቀር።

ዘሀራ፦ ጮኼ ነበር። እርስዎ ግን ካርዱን መዘዙት።

ጋሽ ይመር፦ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?

ዘሀራ፦ ምኑን?

ጋሽ ይመር፦ አታድርቂኝ። ዓይኔን ነዋ።

ዘሀራ፦ ካቻምና፣ የመክፈቻው ዕለት። ሳንቲሙን ወርውረው «ዘሀራ፣ ዘውድ ነው ጎፈር?» ሲሉኝ። እግርዎ ሥር ነበር የወደቀው።

ጋሽ ይመር፦ አውቀሽ ዝም አልሽ?

ዘሀራ፦ ፊሽካ ልያዝ ስል ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ከጎኔ የቆሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። በምን አፌ ልንገርዎት? ለሁለታችንም እኔ አያለሁ ብዬ ነው።

ጋሽ ይመር፦ እኔም ባንዲራሽን እያየሁ ስነፋ ኖርኩ። ቀዩ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ሌላው ጉም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እኮ ነው፣ ዘሀራ። የዚህን ሜዳ ድንጋይ ለቅሜ፣ ሮጬበት፣ ተጫውቼበት፣ ኖራውን በእጄ አስምሬ። ቤት መቀመጡን ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

ዘሀራ፦ ስለዚህ በእኔ ይጻፉት። የሙሄም ቀይ ይሰረዛል። ነገ በሽኝትዎ ላይ ኮሚቴው ያዘጋጀልዎትን ካባ ለብሰው በክብር ይሰናበታሉ።

ጋሽ ይመር፦ አንቺስ?

ዘሀራ፦ ቢበዛ ስድስት ወር ብታገድ ነው።

ጋሽ ይመር፦ የሚቀጥለው ወር ፈተናሽስ? የክልል ዳኛ የምትሆኚበት?

ዘሀራ፦ ሌላ ጊዜ እፈተናለሁ።

ጋሽ ይመር፦ ዘንድሮ ካለፈሽ ዕድሜሽ አይፈቅድልሽም። ፎርሙን የሞላነው አብረን ነው፣ ረሳሽው?

ዘሀራ፦ ጋሼ፣ ድንጋይ መወርወር ጀምረዋል። ይፈርሙ በቃ።

ጋሽ ይመር፦ ብዕሩን ያዢ። ዋና ዳኛው ያላየውን ጥፋት ነው የፈረደው ብለሽ ጻፊ።

ዘሀራ፦ ይህን አልጽፍም።

ጋሽ ይመር፦ ጻፊ። በደንብ ማየት ካቆመም ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ለማንም አልተናገረም በይ። ረዳቷ ጥፋት የለባትም በይ።

ዘሀራ፦ ያለፉትን ጨዋታዎች ሁሉ ያነሱብዎታል። ካባ የለም። እዚህ ሜዳ ዳግመኛ እግርዎን አያስረግጡዎትም።

ጋሽ ይመር፦ ጻፍሽው?

ዘሀራ፦ ጽፌዋለሁ።

ጋሽ ይመር፦ በይ ጣቴን ያዢና የምፈርምበት መስመር ላይ አድርጊልኝ።