የዓይን ቆብና የራስ ቆብ

ገና ሳልጀምር ልማልልሽ እቴ ማሬ፦ እኔ ልሙት፣ የማወራሽ ሁሉ እውነት ነው! በዚህ ዕድሜ «እኔ ልሙት» ማለት መሐላ ሳይሆን ቀጠሮ ማስያዝ ነው ብለሽ አትሳቂ። ይልቅ እዚህ ድንጋዩ ላይ አረፍ በይ፤ የደብረ ወርቁ ሚኒባስ እንደሆነ ሳይሞላ አይነሣም። ቤተሰቡ ደኅና? ገብስሽ እንዴት ነው፣ ዋግ አልነካውም? ተመስገን። እኅትሽስ... ደኅና ናት? ደኅና ትሁን።

የእኅት ነገር ሲነሣ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። አንቺ እንኳ አታውቂያትም። መልኳ ወዳንቺ ይሄዳል፤ ያው ሰው ከሰው ይመሳሰል የለ?

እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችሽ! የዓይኗ ቆብ ዝናም እንዳዘለ ደመና ወርዶ ብሌኗን ሸፍኖት ስለሚውል፣ ቅዳሴ ላይ ቀና ብላ ሰው አታይም። «ትሕትና እንደ እሷ!» ይላል ያየ ሁሉ። ትሕትና ይሁን እንቅልፍ ማን ለይቶ? ብቻ ስብከቱ በረዘመ ቁጥር ትሕትናዋ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አላየንም።

እዚያው ሰፈር ደግሞ አንድ ሽማግሌ አለ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከበቅሎው በቀር የሚያናግረው ያጣ፤ በቅሎዋም ብትሆን ወሬው ሲረዝምባት ጀርባዋን ሰጥታው የምትቆም። ይቀጥላል፣ ይለጥፋል፣ ያጋንናል... እንደ እኔ ቁጥብ አይደለም።

ታዲያ ይህ ሰው በደጇ ባለፈ ቁጥር ሴትዮዋ ቅንድቧን ሰቀል ታደርጋለች። ባገራችን ቅንድብ ሰቀል ሲል ምን ማለት ነው እቴ ማሬ? «እሺ» ማለት አይደል? ጎምላሌውም «እሺ አለችኝ!» ብሎ ጋቢውን አሳጠበ፤ ለሠርጉ የሚታረደውን ሙክት ሳይቀር በዓይኑ መረጠ። ለካ ምስኪኗ ቅንድቧን የምትሰቅለው የወደቀ ቆቧን አንሥታ መንገዷን ለማየት ኖሯል! ለበጉም ትሰቅላለች፣ ለስልክ እንጨቱም ትሰቅላለች። ከስልክ እንጨት ጋር መፎካከሩን ለሽማግሌው ማን ይንገረው?

አማላጅ ላከ። እሷም «ዓይኔ ይሻለኝና አያለሁ» ብላ መለሰች። አያለሁ! እሱ «አስብበታለሁ» ያለችው መስሎት ደስታው ወሰን አጣ። እሷ ግን... ማየቷን ነበር የምትለው።

ከዚያ ልጇ አዲስ አበባ ወሰደቻት። ሐኪሙም የተንጠለጠለውን ቆዳ ቀንሶ፣ ስፌቱን በዓይኗ እጥፋት ውስጥ ደበቀላት። ልጅቱ የምሥራቹን ልትነግር ለመሪጌታ አካለ ወልድ ደወለች። ስልኩ እንደምታውቂው ነው፤ «እማዬ... ቆብ... እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለዋ ብቻ ተሰማች። መሪጌታ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ቆብ አንድ ነው፤ በመነኩሴ ራስ ላይ ያለው። «ቆብ ደፋች! መነኮሰች!» ብለው ለደብሩ ሁሉ አበሠሩ።

ሽማግሌው ሲሰማ አለቀሰ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? የእሱስ እንባ በደጀን ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ሞላው፤ የጭነት መኪኖች ውኃው እስኪጎድል ድልድዩ አፋፍ ላይ ተሰልፈው ዋሉ። እኔ ልሙት!

«እሷ ከመነኮሰች እኔስ ማንን እጠብቃለሁ?» ብሎ ዲማ ገዳም ገባ። ጢሙን ለቀቀ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ውኃ ቀዳ፤ ቆብ እንዲሰጡት መምህሩን ደጅ ጠና። እሳቸውም ትክ ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ አንተ የምትፈልገው ቆቡን ነው ወይስ ባለቆቧን?» አሉት። እሱም መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ እንጨቱ ተመለሰ።

እንዲህ ሲያመነታ አንድ ተሳላሚ ከደብረ ማርቆስ መጣ። «ኧረ ምን መንኩሳ! ያስቆረጠችው የዓይኗን ቆብ ነው፤ ዓይኗ ቦግ ብሎ ገበያ ስትዞር አየኋት» አለው። እዪው እንግዲህ! ሰው በስተርጅና ቆብ ይደፋል፤ እሷ ቆብ አስቆረጠች። ሽማግሌውም በትሩን አንሥቶ፣ ዳገቱን እንደ ወጠጤ እየዘለለ፣ ጢሙን እንኳ ሳይላጭ ከነአቧራው ደጃፏ ደረሰ።

ደግሞ እንዴት አምሮባታል መሰለሽ! ዓይኗ ተከፍቶ ተከፍቶ... ሁልጊዜ አሁን ገና መርዶ የሰማች ነው የምትመስል። ስትተኛም ገርበብ ይላል አሉ፤ እንግዲህ ሌባ አይደፍራትም። ቅንድቧም ከዚያ ሁሉ ድካም ዐረፈ። እሺታዋም አብሮት ዐረፈ።

ያን ሽማግሌ ከራሱ እስከ እግሩ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርታ አየችው። ከዚያ ምን አለችው ትያለሽ? ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ፣ «አባቴ... ይባርኩኝ።»

ይባርኩኝ! የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብቱን መጣል አለ፤ እሷም የዓይኗን ቆብ ብታነሣ የእሱ አንገት ወደቀ። መስቀል የለው፣ ቆብ የለው... ምን ያሳልማት? እንዲያው ከት ብሎ ሳቀና መንገዱን ቀጠለ።

በይ ሚኒባሱ ሞላ፤ ተነሺ። ይህን ደግሞ ለእኅትሽ እንዳትነግሪያት። አትነግሪያትም፤ ካንቺ ሆድ ወሬ ወጥቶ ያውቃል?

ምዬልሽ የለ፣ እንግዲህ ልናዘዝ፤ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሬበታለሁ። ዓባይ መሙላቱ እውነት ነው። ሽማግሌው ሳቀ ያልሁሽ ግን ፈጠራ ናት። አልሳቀም።

ብቻ ያቺ ሴት ምርቃት ጠይቃ ሳትመረቅ ቀርታለች፤ የሰው ምርቃት ይዞ መክረም ደግሞ ነውር ነው። ምናልባት ድንገት ብታገኚያት አድርሺልኝ፦ «ያ የበራ ዓይንሽ አይፍዘዝ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። እኔን... ሽማግሌውን ማለቴ ነው... አጥርቶ ያሳየሽ አምላክ፣ ጧት ጧት ከመስታወትሽ ፊት ስትቆሚም እንዲሁ አጥርቶ ያሳይሽ።»

አሜን በይላት።