ዋሊውን የሚመርጠው ማነው?

ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ ስንሄድ፣ የሚኒባሱ ሬዲዮ ዋሊ ስለሚሉት የግዛቱ ገዥ ባዶ ወንበር ያወራ ነበር። ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠዋል፤ አይተዋወቁም።

«ምን ይላል፣ ልጄ? ዐረብኛው ፈጠነብኝ።»

«አዲሱን ዋሊ ሕዝቡ ራሱ ይምረጥ ነው የሚሉት፣ አባባ።»

«አንቺም ትመርጫለሻ!»

«እዚሁ ብወለድም ዜግነት የለኝም። ጂንሲያ ከየት አምጥቼ? አንቱስ መርጠው ያውቃሉ?»

«አንዴ፣ መተማ። ከሚስቴ ጋር ጎህ ሳይቀድ ሄደን ተሰለፍን። ስንመለስ ማንን መረጥሽ ብላት አልናገርም አለች። እስኪመሽ ለመንኳት።»

«ነገረችዎት?»

«ምስጢር ነው አለችኝ። እኔም ለሰሊጥ አጨዳ ወዲህ ተሻገርሁ፤ ኋላ የድንበሩ መንገድ ተዘጋና ቀረሁ።»

«አሁን የት ናት?»

«እዚያው ናት። ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃታለሁ። ‹ስትመጣ እነግርሃለሁ› ትለኛለች።»

«አንቱስ ታድለዋል፣ አባባ። እኔ የምደብቀው ምርጫ እንኳ የለኝም።»

እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አገር ቤት የተወለድኩበትን ቀበሌ ስም በልቤ ደጋግሜ ጠራሁት።