ያልዳኑት አልተመለሱም

እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን መድኃኒት ተፈልጎ የሚገኝ አይመስለንም፣ ያለ ነገር ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ ዛሬም አሉ፣ ዓይናቸው ደከመ እንጂ። ከጣና ዳር ከደብራችን ጫካ ለቁንጭር የሚሆን ሥር ይቆፍሩ ነበር። ቁንጭር ታውቁት የለ፣ ፊት የሚበላው ቁስል። አርብ ጧት ነው የሚቆፈረው፣ ማንንም ሳያናግሩ። ታዲያ የዳነው ማር ይዞ ይመጣል፣ ዶሮ ይዞ ይመጣል፣ እና እኛም ያድናል እንላለን።

ኋላ እኔኑ ያዘኝ፣ ይኸው ጉንጬ ላይ። የአባቴን ቀባሁ፣ እንቢ አለ። ሐኪም ቤት መርፌውን ጨረስሁ፣ ጠገገ፣ እና ተመልሶ ወጣ። ልጄ ትርንጎ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መድኃኒት ትመረምራለች፣ እኔ አገኝልሻለሁ ብላ ሥሩን ወሰደች። ይህን ከጀመረች ስንት ዓመቷ መሰላችሁ! መጀመሪያ ጀርሙን በብርጭቆ ውስጥ ገደለው አለችኝ፣ እልል አልሁ። ታዲያ አይጥ ላይ ሲሞከር፣ መጠኑን ሲያሳንሱት ቁስሉ አይነቃነቅም፣ ሲያበዙት አይጧ ትሞታለች። የአባቴ ዓይን ስለደከመ አሁን የምቆፍረው እኔ ነኝ፣ ከክረምት በኋላ ያወጣሁት ደግሞ ጭራሽ ምንም አልሠራ አለ። እና እንደገና፣ እና እንደገና።

አባቴ ተቆጡ። «አንች ልጅ፣ ስንቱን ሰው ያዳንሁበትን አይጥ ትጠይቂበት?»

እሷም ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ቁንጭር እኮ አንዳንዱ በራሱም ይጠፋል። ማር ይዘው የመጡትን ያውቋቸዋል፣ ያልዳኑትስ የት ሄዱ?» አለቻቸው።

አባቴ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ኋላ በጣታቸው ወደ እኔ አሳዩ። «አንዷ ይችውላት። ልጄ ባትሆን ኖሮ እሷንም አላያትም ነበር።»

እንግዲህ አሁን ሥሩን ከፋፍላ፣ የሚያድነውን ከሚመርዘው ልለይ ትላለች። ቢለይም ሰው ዘንድ እስኪደርስ ሌላ ስንት ዓመት፣ ላይደርስም ይችላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደከመኝ። ባለፈው፣ «ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ የሠራሽውን በእኔ ሞክሪው፣ የቀረውን እግዜር ያውቃል» አልኋት።

«እማዬ፣ በአንች እንዳልሞክር ብዬ አይደል አይጥ የያዝሁት» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ታዲያ ምን አደርጋለሁ፣ አርብ አርብ ማልጄ እቆፍራለሁ፣ ማንንም ሳላናግር። ብቻ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደቆፈርሁ፣ ዝናብ መዝነቡን አለመዝነቡን ጻፊልኝ ስላለች ደብተርም እይዛለሁ። አባቴ ይስቁብኛል። «አትናገሪ አልሁ እንጂ አትጻፊ አላልሁም፣ ጻፊ» ይላሉ፣ «እኔም ያልዳኑትን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ ይህን ያህል ባልደከመች።»