እሳት ያላዩ እንስራዎች

የመንደራችን ልጅ ነው፣ ለጣሊያን ሹም አስተርጓሚ የሆነ። አንድ ቀን ወታደር አስከትሎ መጣና ጥላ ሥር የሚደርቁትን እንስራዎቼን አስነሣ። “ልጄ፣ ገና እሳት አላዩም፤ ውኃ አይችሉም” አልሁት። “ዝም በይ፣ አንቺ ቡዳ” ብሎ አስጫናቸው።

በማግስቱ ከነሹሙ ተመለሰ። ውኃ ሲሞሉባቸው ጭቃ ሆነው ፈርሰዋል። እሱ ደግሞ መተት አድርጋባቸው ነው ብሎ ለሹሙ ነግሮ በልጆቼ ፊት አስገረፈኝ። “ምን ብዬህ ነበር?” ስለው፣ ሹሙ አማርኛ እንደማይሰማ ያውቃልና፣ “ታዲያ እኔ ልገረፍ?” አለኝ።

ጀርባዬስ ድኗል። እናቱ ዛሬም በኔ እንስራ ውኃ ትቀዳለች። የነፍስ አባቴ ይቅር በዪው ይሉኛል። አባታችን ሆይ ስል ግን፣ የበደሉንን ይቅር የምንልበት ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል።