ለስላሳ አለህ?

እንጦጦ ረጅም ርቀት ስሮጥ ድንጋዩ ጉልበቴን ቢጨርሰው፣ እግር የማይጎዳ የሩጫ ጫማ ፍለጋ ላቤ እንኳን ሳይደርቅ ልደታ አንድ ጫማ ቤት ገባሁላችሁ።

«ለስላሳ አለህ?» አልኩት ባለሱቁን።

«ቀጥሎ ያለው ሱቅ ጠይቅ።»

ሄድኩ። ጫማ የሚባል የለም፤ ለስላሳ መጠጥ ብቻ በሳጥን ተደርድሯል። የሱቁ ባለቤት ትልቅ ሴትዮ ናቸው። የምፈልገውን ሳስረዳቸው በሳቅ ፈረሱና ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን አሳዩኝ። ከሥሩ ጥርስ ያለው፣ ሶሉ እንደ ፍራሽ ያበጠ የሩጫ ጫማ!

«እትዬ፣ ይሮጣሉ እንዴ?»

«ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ ልጄ። ከመሮጥ መቆም ይብሳል።»

«ከየት ገዙት?»

«ከመጣህበት!»

ተመልሼ ስገባ ባለሱቁ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጠጣህ?» አለኝ።