«እየጠበቅሁ ነው» ያልኩበት ማስታወቂያ

ትምህርት ቤት ስላልገባሁ አፌም ያልተፈታ ይመስላቸዋል። የወለድኩት ልጄ እንኳ ስለ ሥራዬ የሚመክረው በኔ ላይ እንጂ ከኔ ጋር አይደለም። «የብርድ ልብስ ቤቱ ደንበኛ የለውም፤ ይዘጋና እኛ ጋ ትግባ» ይላል፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ ጥጥ እያፍታታሁ። ስለዚህ የሆነውን ራሴ እናገራለሁ፤ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። አሳምራለሁ ብትል ወየውላት!

ይህች የልጅ ልጄ የምትተዳደረው በኢንተርኔት የሰው ዕቃ እያስተዋወቀች ነው። «እማማ፣ ቤቱ እንዳይዘጋ ማስታወቂያ ላውጣልሽ» አለችኝ። «ግን መጨረሻው ላይ አንባቢው ምን እንደሚያደርግ መንገር አለብን። ደውሉ፣ እዘዙ፣ ልኬት ላኩ ማለት።»

«እኔ ሰው አላዝም» አልኳት። «እናቴ መርፌ ስታስይዘኝ፣ ገዢ አይጠራም፣ በር ከፍተሽ ጠብቂው ነው ያለችኝ።»

«ካልጠራሽው በምን ይመጣል?»

«እግር የለውም? የኔን ቃል ጻፊ። ‹እዚህ ነኝ፤ እየጠበቅሁ ነው።› አለቀ።»

እየከፋት ጻፈች፤ ከሥሩም የቤቱን አድራሻና የስልኳን ቁጥር አደረገች። ፎቶውን ያነሳችው ሲመሻሽ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ፣ ውስጡ ጨለማ፣ ደጃፉ ላይ ባዶ ወንበሬ፣ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ነጭ ብርድ ልብስ። ለኔ አምሮ ታይቶኝ ነበር።

ሰው መምጣት ጀመረ። መጣ አልኩ እንጂ ገባ አላልኩም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከመንገዱ ማዶ ይቆማሉ። አይናገሩም፤ በሩን ብቻ ያያሉ። ብቅ ስል ወደ ኋላ ይላሉ። አንዱማ «አለች!» ብሎ ሮጠ። አለሁ እንጂ፤ ምን ልሁንለት? በስልክ የሚላከውም የደንበኛ ቃል አልነበረም። «ማንን ነው የምትጠብቂው?» የሚል አለ። አንዱ ደግሞ ማታ ማታ አንዲት ቃል ብቻ ይልካል፤ «መጣሁ።» ስም የለው፣ ፎቶ የለው። የልጅ ልጄ ስታነብልኝ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር።

አንድ ቀን ክር ገዝቼ ስመለስ አንዲት ሴት በሬ ላይ ቆማ አገኘሁ። ግንባሯ ሳንቃውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ?»

«ተጠርቼ ነው፣ እናቴ» አለች ሳትዞር። «ባሌ ከሞተ ወዲህ የጠራኝ ሰው የለም። እየጠበቅሁ ነው የሚለውን አነበብኩ፤ መጣሁ።»

ፀጉሬ ቆመ። «ማታ ማታ የምትልኪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ምንም አልላክሁም።»

አስገባኋት። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። እጆቿ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ኮት እጅጌ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

«አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ጠርቻታለሁ፤ ለምን እንደጠራኋት ግን አልነገርኳትም።

የልጅ ልጄ ከጓዳ ወጣች። «እትዬ» አለቻት በቀስታ፣ «የአልጋዎ ስፋት ምን ያህል ነው?»

ሴትዮዋ ዓይኗን አርገበገበች፤ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው። «የሁለት ሰው ነው። ግን እኔ ጥግ ይዤ ነው የምተኛው።»

«እንግዲያው ለአንድ ሰው የሚሆን እንሰፋልዎታለን። ቀለሙን ከዚህ ይምረጡ።»

እጇ ተነሣ። ግራጫውን ያዘች፣ ተወችው፣ ቀዩን ያዘች። ከዚያ ቁጭ አለችና ስለ ጥጡ ብዛት እንደ ማንኛዋም ገዢ ትጨቃጨቀኝ ጀመር። ደስ አለኝ።

ሴትዮዋ ስትወጣ የልጅ ልጄ ወደኔ ዞረች። «አየሽ እማማ? ማዘዝ አይደለም። ሰው ደጅሽ ድረስ መጥቶ ቀጥሎ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ካላሳየሽው ቆሞ ይቀራል። አንድ ቀላል ነገር ጠይቂው፤ ከዚያ ምን እንደሚያገኝ ንገሪው።»

«ታዲያ ‹ሳያልቅ ፍጠኑ› በያቸዋ! ሌሎቹ እንደሱ አይደል የሚሉት?»

«ያልቃል እንዴ?»

«እኔ እያለሁ? ምን ሲደረግ!»

«እንግዲያው አንልም። የዋሸነው ሰው ሁለተኛ አይመጣልንም።»

ረታችኝ። እኔን መርታት ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ። አሮጌውን አጠፋችና በቀን ብርሃን በተነሣ ፎቶ ሥር «የአልጋዎን ርዝመትና ስፋት ይጻፉልን፤ ብርድ ልብሱ እንዳለቀ ደውለን እንነግርዎታለን» ብላ አወጣች። አሁን ሰው ልኬቱን ይልካል፣ እኔ እሰፋለሁ። የሚመጣው ምን ሊወስድ እንደመጣ ስለሚያውቅ በሩን አልፎ ይገባል። ልጄም ቤቱ ይዘጋ ማለቱን ትቶ ጥጥ ተሸክሞ ያመጣልኛል። የምትሸጡት ነገር ያላችሁ ሁሉ፣ ሰውን ጥሩ፤ ስትጠሩ ግን ለምን እንደሆነና ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ንገሩት። አለዚያ አይገባም፤ አይሄድላችሁምም።

ይህን የምለው አንዱ ስለቀረ ነው። ያ ማስታወቂያ ከጠፋ ሰንብቷል፤ «መጣሁ» የሚለው ግን ዛሬም ማታ ማታ ይደርሳል። አሁንም ይህን ሳስጽፍ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ፊቱ አይታይም። የልጅ ልጄ መጋረጃውን ልዝጋ ትላለች። አይዘጋም። የጠራሁት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ ነኝ። ጻፊ፣ ላኪለት፦

አንተ ማዶ የቆምከው! የአልጋህን ልክ ላክልኝ። አልጋ ከሌለህ ቁመትህን ላክ። ሰፍቼ ስጨርስ እጠራሃለሁ፤ እስከዚያ ከደጄ ዞር በልልኝ።