አራቱ ንጉሦች

ሰው እያሸነፈ ይፈራል ወይ አትበሉኝ! ቡሬ ላይ መኪና ተበላሽቶብኝ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ጋሽ ዳምጤ፣ ሙክት አስይዘው በካርታ ጨዋታ፣ በፖከር ገጠሙኝ። ደጋግሜ በላኋቸው። አፌ አያርፍ፣ "ይሄ ዕድል አይደለም ጋሼ፣ ችሎታ ነው" አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። ክላሻቸውን ከግድግዳው አውርደው ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

"የምን ችሎታ? አንገትህ ላይ ያለው ክታብ ነው እንጂ! ፍታውና እንጫወት።"

እናቴ ያሰረችልኝን ክታብ ፈታሁ። አምላኬ፣ መናኛ ካርታ ስጠኝ ብዬ ለመንኩ። ብገልጠው አራት ንጉሥ! በዚህ ማን ይሸነፋል? ካርታዎቹን ደፋሁና "ምንም የለኝም ጋሼ፣ በልተውኛል" አልኩ።

"አላልኩህም?" ብለው ሳቁ። ክላሹንም መልሰው ሰቀሉት። ገና ተመስገን ልል ስል፣ እጃቸውን ወደ ደፋኋቸው ካርታዎች ሰደዱ።